የቀድሞ ወታደሮች የኮሌጅ ክፍያ ቅናሽ፦ ማን ያገኛል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

በአሜሪካ የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም ብዙ ሳይጨቃጨቁ የሚስማሙበት ጉዳይ ቢኖር የቀድሞ ወታደሮችን መርዳት ነው። የኮሌጅ ክፍያ ይቀነስላቸው የሚል ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ተነሥቶ በግልጽ የሚቃወም እንደራሴ ማግኘት ያስቸግራል። ውጣ ውረዱ የሚጀምረው ሕጉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ምክንያቱም «ቅናሽ» በሚለው አንድ ስም ሥር ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ተጠልለዋል። አንዱ ክፍለ ግዛቱን እምብዛም አያስወጣም፤ ሌላው በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ቤተሰብ ነገሩ የሚገባው የኮሌጁ ሒሳብ እጁ ሲደርስ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ከሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች መካከል የአሜሪካን የጦር ሠራዊት የደንብ ልብስ የለበሱ አሉና ጉዳዩ የእኛም ቤት ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ ዋጋዎች እንጀምር። በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ነው። የክፍለ ግዛቱ ግብር ከፋይ ስለሚደጉመው ለነዋሪው ልጅ ርካሽ፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣው ደግሞ ውድ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት እንዳሰላው በ2023/24 የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች የነዋሪ አማካይ ክፍያ 11,260 ዶላር፣ ነዋሪ ያልሆነው ተማሪ አማካይ ክፍያ ደግሞ 29,150 ዶላር ነበር። ልዩነቱ በዓመት ወደ 18 ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ በአራት ዓመት ከ70 ሺህ ያልፋል። ምግብና ቤት ኪራይ ገና አልተቆጠሩም።

ነዋሪ ለመባል አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አሥራ ሁለት ወር እዚያው መኖርንና ለመቅረት ማሰብን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ፦ የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 የሚኒሶታን የአንድ ዓመት ቆይታ መስፈርት ተቀብሎታል። በ1973 ግን «ሲመዘገብ ከውጭ የመጣ ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠራል» የሚለውን የኮኔቲከት ሕግ ሽሮታል። ስለዚህ ክፍለ ግዛቶች አዲስ መጪውን ለጊዜው ማስጠበቅ ይችላሉ፤ ነዋሪ የመሆን በሩን ጨርሰው መዝጋት ግን አይችሉም።

ይህ ደንብ ለሲቪሉ ሰው ብዙም ክፉ አይደለም። ወታደሩ ላይ ሲደርስ ግን ወደ በደል ይለወጣል። ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ በአሥራ ስምንት ዓመቷ የተመለመለች አንዲት ወጣት እናስብ። ሁለት ዓመት ቴክሳስ፣ ሁለት ዓመት ጀርመን፣ የቀረውን ኖርዝ ካሮላይና አገልግላ ተሰናበተች። እጮኛዋ ኮሎራዶ ስለሚሠራ እዚያ ሄዳ ነርስነት መማር ፈለገች። ለኮሎራዶ ባዳ ናት፤ ሰባት ወር አልሞላትም። ወላጆቿ እስከዚያ ሜሪላንድ ቤት ገዝተው ገብተው ከሆነ ደግሞ ቨርጂኒያም የእኔ ናት ለማለት ይጠራጠራል። ሌላው ሰው የሚዘዋወረው ወድዶ ነው፤ እሷ ግን የሄደችው በትእዛዝ ነው። አገር ስታገለግል መቆየቷ የትም አገር እንዳይኖራት አደረገ። የክፍለ ግዛት እንደራሴዎችን መጀመሪያ ያነሣሣቸው ይኸው ቅሬታ ነበር። እውነተኛ ቅሬታም ነው።

እዚህ ላይ የፌዴራሉን መንግሥት ድርሻ ሳናይ መቀጠል አንችልም። የቀድሞ ወታደሮችን ትምህርት የሚደጉመው የፌዴራል ሕግ ጂ አይ ቢል ይባላል፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 22 ቀን 1944 የፈረሙት ሕግ ነው። ረቂቁን በዋሽንግተኑ ሜይፍላወር ሆቴል ተቀምጦ ያዘጋጀው አሜሪካን ሌጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር መሪ የነበረው ሃሪ ኮልሜሪ ነው። ሕጉ ለትምህርት በዓመት እስከ 500 ዶላር በቀጥታ ለኮሌጁ ይከፍል ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ ለታላላቆቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር የሚበቃ ስለነበር ተማሪው የየት ክፍለ ግዛት ሰው መሆኑ ለውጥ አያመጣም ነበር። በ1947 ኮሌጅ ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ከጦርነት የተመለሱ ነበሩ። ሁሉም ግን እኩል አልተጠቀመም። በደቡቡ የዘር መድልዎ ጥቁር ተመላሾችን ከአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስላገዳቸው በጥቁሮች ኮሌጆች ላይ ተጨናነቁ፤ ቦታ ጠፍቶ ብዙዎቹ ተመለሱ። ሕጉ የፌዴራል ቢሆንም በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው በየአካባቢው ያለው ሰው እንደነበረ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የወጣው የ1952ቱ ሕግ አሠራሩን ለወጠው። ገንዘቡ ለኮሌጁ መሆኑ ቀርቶ ለወታደሩ በወር የተወሰነ መጠን ሆነ፤ ከዚያው ላይ የትምህርቱንም የኑሮውንም ይከፍላል። የቬትናም ዘመኑም ሕግ ይህንኑ ተከተለ። የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። የመንግሥት ኮሌጅ ርካሽ በሆነበት እንደ ካሊፎርኒያ ባለ ክፍለ ግዛት የሚኖር ተመላሽ ተማረ፤ ትምህርት ውድ በሆነበት በሰሜን ምሥራቅ ያለው ግን ገንዘቡ አልዳረሰለትም። ያው አገልግሎት፣ ያው ቁስል፣ የተለያየ ዕድል።

ዛሬ የሚሠራው ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ላገለገሉት የወጣው ጂ አይ ቢል ነው። ዋነኛ አቀንቃኙ የቨርጂኒያው ሴናተር ጂም ዌብ ነበር፤ ሰኔ 2008 ተፈርሞ ከነሐሴ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሠላሳ ስድስት ወር በንቁ አገልግሎት የቆየ ሰው የሠላሳ ስድስት ወር ትምህርት ሙሉ ክፍያ ያገኛል፤ ከዚያ በታች ያገለገለው በመቶኛ ተቀንሶ ይከፈለዋል። በተጨማሪም ኮሌጁ ባለበት አካባቢ የኪራይ ዋጋ የሚሰላ የቤት አበልና በዓመት እስከ 1,000 ዶላር የመጽሐፍ ገንዘብ አለው። ለጋስ ሕግ ነው። ነገር ግን ከነሐሴ 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት በመንግሥት ኮሌጅ የሚከፍለው የነዋሪውን ዋጋ ብቻ ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው፣ ያ ወደ 18 ሺህ ዶላር የሚጠጋው ልዩነት፣ በተማሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። ኮሎራዶ የሄደችው ወጣታችን «ትምህርትሽ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ተብላ ተመልምላ፣ ስትወጣ ብድር ውስጥ ትገባ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍለ ግዛቶች በብዛት የተነሡት በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው። ኦሃዮ ቀድማ በ2008 ለቀድሞ ወታደሮች የአሥራ ሁለት ወሩን የቆይታ መስፈርት አነሣች። ከዚያ የአሜሪካን ሌጅንና የተማሪ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ከአንዱ የክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ሌላው እየሄዱ እንደራሴዎችን ወተወቱ፤ በ2014 አጋማሽ ላይ ከክፍለ ግዛቶቹ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ሕግ ነበራቸው። ፍሎሪዳ በመጋቢት 2014 ያወጣችው በጥቅምት 2013 በሞቱት የረጅም ጊዜ የኮንግረስ አባል በቢል ያንግ ስም የተሰየመ ነበር፤ በክብር የተሰናበተና ፍሎሪዳ የሚኖር ሁሉ የውጭ ተማሪ ጭማሪ እንዳይጠየቅ ደነገገ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ በአደባባይ ባይቃወሙም በየኮሚቴው ስጋታቸውን ማቅረባቸው አልቀረም። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ የሚከፍለው ትልቅ ገንዘብ በጀታቸውን ይደግፋል። የደጋፊዎቹ መልስ ግን ጠንካራ ነበር፦ ይህ ሰው ቅናሹ ባይኖር ኖሮ ወደ እናንተ ላይመጣ ይችል ነበር። ሲመጣ የፌዴራሉን መንግሥት ክፍያና የቤት አበል ይዞ ይመጣል፤ ሲመረቅም ተቀጥሮ ግብር ይከፍላል። እኔ ይህ ክርክር ትክክል ነው ባይ ነኝ። የነዋሪን ዋጋ መስጠት ማለት ለአንድ ሰው ትምህርቱን በነጻ መስጠት ማለት አይደለም፤ ጎረቤቱ የሚከፍለውን ያህል ይክፈል ማለት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍለ ግዛቱን እምብዛም አያስወጣም ያልሁት ቅናሽ ይህ ነው።

ቀሪዎቹን ክፍለ ግዛቶች ወደ መስመር ያስገባቸው ኮንግረስ ነው። በ2014 በፊኒክስ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የታማሚዎች የቀጠሮ መዝገብ ቅሌት ሲፈነዳ፣ ስለ ሕክምና በወጣው ሰፊ ሕግ ውስጥ ቁጥር 702 የሆነ አንድ አንቀጽ ተካተተ። አንቀጹ ክፍለ ግዛቶችን አያዝዝም፤ ፌዴራሉ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በቀጥታ የማዘዝ ሥልጣኑ የተገደበ ነው። ይልቁንም «የቀድሞ ወታደርን ከነዋሪ በላይ የሚያስከፍል የመንግሥት ኮሌጅ የጂ አይ ቢል ገንዘብ መቀበል አይችልም» ይላል። ከሐምሌ 2015 በኋላ ለሚጀምሩ ትምህርቶች የሚሠራ ስለነበረ በዚያ ዓመት ክፍለ ግዛቶች ሕጋቸውን ለማስተካከል ተሽቀዳደሙ። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ያንን ገንዘብ ማጣት አይፈልግምና።

ሕጉ መጀመሪያ ላይ ከተሰናበተ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየውን አይሸፍንም ነበር። ይህ ክፉኛ የሚጎዳው መጀመሪያ ሠርቶ ቤተሰቡን ያደላደለውን፣ ከዚያ ልማር ያለውን ሰው ነው። በጥር 2021 የተፈረመ ሌላ ሕግ ይህን ገደብ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ አነሣው። በነሐሴ 2022 ደግሞ ወላጃቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው በአገልግሎት ምክንያት የሞቱባቸውና ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ የሆኑባቸው የሚጠቀሙበት የትምህርት ድጎማም በዚሁ ሥር ገባ።

እንግዲህ ፌዴራሉ ይህን ሁሉ ካደረገ ለክፍለ ግዛት ሕግ ምን ሥራ ቀረው? ብዙ ቀረው። ቁጥር 702 የሚከላከለው የፌዴራሉን ጥቅም እየተጠቀመ የሚማረውን ነው። ሠላሳ ስድስት ወሩን የጨረሰው በእሱ ሥር አይወድቅም። ለጂ አይ ቢል የማይበቃው ሰውም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር አለ፦ ለአዲሱ ጂ አይ ቢል የትምህርት ክፍያ «በክብር» የተሰናበተ መሆን ግድ ነው፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው «አጠቃላይ፣ በክብር ሁኔታ» የሚለው የስንብት ዓይነት አያበቃም። ይህን ዓይነት ስንብት የሚቀበሉ የክፍለ ግዛት ሕጎች ግን አሉ። ቴክሳስ አንዷ ናት።

ቴክሳስን ካነሣን ወደ ሁለተኛው የቅናሽ ዓይነት እንለፍ፤ ክፍያውን ጨርሶ ወደሚሰርዘው። የቴክሳሱ የሄዝልዉድ ሕግ መነሻው ወደ 1920ዎቹ ይመለሳል፤ ስሙን ያገኘው ከአማሪሎው የክፍለ ግዛት ሴናተር ግሬዲ ሄዝልዉድ ነው። ቢያንስ 181 ቀን በንቁ አገልግሎት የቆየ፣ ሲመለመል የቴክሳስ ሰው የነበረና አሁንም እዚያው የሚኖር የቀድሞ ወታደር እስከ 150 ክሬዲት ሰዓት በመንግሥት ኮሌጆች ያለ ክፍያ ይማራል። ለአሥርት ዓመታት ብዙም ድምፅ ያልነበረው ሕግ ነው። በ2009 ግን ምክር ቤቱ ወታደሩ ያልተጠቀመበትን ሰዓት ለልጁ እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። የሐሳቡን መልካምነት ማንም አይክድም፤ ወጪውን ግን በሚገባ ያሰላ አልነበረም። ኮሌጆቹ በዓመት የሚያጡት ገንዘብ በ2009 ከነበረበት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ2014 ወደ 170 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። ክፍለ ግዛቱ ይህን ለመደገፍ ቋሚ ፈንድ ቢያቋቁምም የሚገኘው ገንዘብ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። ልዩነቱን ኮሌጆቹ ይሸከሙታል፤ ኮሌጆቹ ሲሸከሙት ደግሞ በሌሎቹ ተማሪዎች ክፍያ ላይ ይታያል።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ምክር ቤቱ ደግሶ እንግዳ ይጠራል፣ የድግሱን ሒሳብ ግን ኮሌጁ ይከፍላል። ኢሊኖይም እንዲሁ ናት። የኢሊኖይ የቀድሞ ወታደሮች ድጎማ በሕግ የተረጋገጠ መብት ነው፤ ነገር ግን ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለበርካታ ዓመታት ምክር ቤቱ ገንዘብ ሳይመድብለት ኮሌጆቹ ከራሳቸው እየሸፈኑ ኖረዋል። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይህን ይችለዋል። በገጠር ያለች፣ የተማሪዋ ቁጥር የሚቀንስ ትንሽ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ግን ወታደር ተማሪ በመጣ ቁጥር የምትጨነቅ ከሆነ ሕጉ ዓላማውን ስቷል።

ሌላው ማጥመጃ የሒሳብ ወረቀቱ ላይ ነው። የኮሌጅ ሒሳብ ሁለት ዋና መስመሮች አሉት፦ አንዱ የትምህርት ክፍያ፣ ሌላው «ፊ» የሚባለው ልዩ ልዩ ክፍያ። ማሳቹሴትስ ለቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ክፍያን ትሰርዛለች። ደስ ይላል፤ ወረቀቱን ሲያዩት ግን በበርካታ የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪው «የትምህርት ክፍያ» የሚለው መስመር ለረጅም ጊዜ በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ልዩ ልዩ ክፍያ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። ሕጉ ቃሉን ጠብቋል፤ ተማሪው ግን አሁንም አብዛኛውን ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ሕግ ሲነበብ ልዩ ልዩ ክፍያን ይጨምር እንደሆነ በስም ተጠቅሶ መፈለግ አለበት። የቴክሳሱ አብዛኞቹን ይጨምራል። በ2005 የወጣውና እስከ 128 ክሬዲት ወይም ስምንት ሴሚስተር የሚሸፍነው የዊስኮንሰን ሕግም በአገሪቱ ካሉት ለጋሶች አንዱ ነው።

«የቴክሳስ ሰው የነበረ» የሚለው መስፈርት ደግሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከጆርጂያ የተመለመለ፣ ኋላ ግን ቴክሳስ የኖረ አንድ የቀድሞ ወታደር «አሁን እኔም የቴክሳስ ነዋሪ ነኝ፤ ከሌላው በምን አንሳለሁ?» ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ መሠረት ነበረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ኒው ዮርክ ለመንግሥት ሥራ ፈተና ተጨማሪ ነጥብ የምትሰጠው ከኒው ዮርክ ለተመለመሉ ብቻ መሆኑን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ነበር። በ2015 መጀመሪያ የሂዩስተኑ ፌዴራል ዳኛ ለከሳሹ ፈረዱ፤ ቴክሳስ ደነገጠች፤ ወጪው ሊፈነዳ ነው ተባለ። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ገለበጠውና መስፈርቱ ቆመ፦ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ወጣቶች ለአገልግሎት ማበረታታትና ወጪውን መገደብ ይችላል በሚል። ሕጋዊነቱን ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ፍትሐዊ መሆኑን ግን አልቀበልም። አሥር ዓመት ዳላስ ኖሮ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጆች ያሳደገ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ የፈረመበት ቢሮ ሌላ ክፍለ ግዛት ስለነበረ ብቻ ከጎረቤቱ የሚለይበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉም የሚቀርበው ታሪክ የቨርጂኒያው ነው። ቨርጂኒያ በአገልግሎት የሞቱ፣ የጠፉ ወይም ቢያንስ 90 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮች ልጆችና የትዳር ጓደኞች በመንግሥት ኮሌጆች ትምህርቱንም ልዩ ልዩ ክፍያውንም ሳይከፍሉ እንዲማሩ የሚያደርግ ፕሮግራም አላት። መጀመሪያ የጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን 90 በመቶ ተብለው የሚመዘገቡት ተጎጂዎች ቁጥር ጨመረ፤ ፕሮግራሙም በሰው ዘንድ ይበልጥ ታወቀ። ኮሌጆቹ ያልሰበሰቡት ገንዘብ በ2019 ከነበረበት 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ2023 ወደ 65 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ይህ ገንዘብ ከክፍለ ግዛቱ ካዝና የሚተካ ስላልነበረ ኮሌጆቹ የሚያወራርዱት ከሌላው ተማሪ ነበር።

በግንቦት 2024 የጸደቀው በጀት ይህን ለመግታት ገደቦች አስገባ። ተጠቃሚው የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆን አለበት፤ የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ሌላውን ድጎማ አስቀድሞ መጠቀም አለበት፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይም አይሸፈንም። ገደቦቹ የገቡት በበጀቱ ሰነድ ውስጥ እንጂ ለብቻው ቀርቦ በክርክር በታየ ሕግ አልነበረም፤ ብዙ ቤተሰቦች የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። የሟች ወታደሮች ሚስቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ አባቶች፣ የትምህርት ዕቅዳቸውን በዚህ ላይ የመሠረቱ ልጆች ዋና ከተማዋ ሪችመንድ ድረስ ሄደው ምስክርነት ሰጡ። ቁጣው ፓርቲ አልለየም። በሐምሌ 2024 ምክር ቤቱ ለልዩ ስብሰባ ተጠርቶ ገደቦቹን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ ቀድሞ በተመደበው በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ላይ በዓመት 45 ሚሊዮን ጨመረ፤ አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪንም ፈረሙ።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው ገደቦቹ መሰረዛቸውን ነው። እኔ ይበልጥ የምመዝነው የተጨመረውን ገንዘብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤቱ ለሰጠው ቃል ከራሱ ካዝና ተመጣጣኝ ገንዘብ አስቀመጠ። ቅናሹ በበጀቱ ላይ በስሙ ተጽፎ፣ በዶላር ተቆጥሮ ካልተቀመጠ ለአንድ ወቅት የሚሆን ስጦታ እንጂ መብት አይሆንም። ወጪው ተደብቆ ሲያድግ ይቆይና አንድ ቀን አንድ የበጀት ባለሙያ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጩኸቱ የማይሰማ ሰው ነው። አዲስ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ እንደራሴያችንን የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ተመድቦለታል?» የሚለው ቢሆን ብዙ ኀዘን ይቀራል።

በፌዴራሉና በክፍለ ግዛቱ መካከል ያለው የቅደም ተከተል ጉዳይም ለተጠቃሚው ዋጋ አለው። ጂ አይ ቢል የሚከፍለው ከስረዛውና ለትምህርት ብቻ ከተሰጠ ሌላ ድጎማ የተረፈውን ነው። ክፍለ ግዛቱ ሙሉውን ከሰረዘ ፌዴራሉ ለትምህርቱ ምንም አይከፍልም፤ የቤት አበሉ ግን ይከፈላል፣ ከሠላሳ ስድስቱ ወሮችም ይቀነሳል። ክፍለ ግዛቶች በበኩላቸው የፌዴራሉ ገንዘብ ቀድሞ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ቴክሳስ ለትምህርት ክፍያ የተመደበ የፌዴራል ጥቅም ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን እንዲጠቀም ታደርጋለች። ሁለቱንም መብት የያዘ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን በአንዱ፣ ሁለተኛውን በሌላው ቢያደርግ፣ ወይም ክፍለ ግዛቱ የራሱን ቅናሽ አስቀድሞ መጠቀም የሚፈቅድ ከሆነ የፌዴራሉን ለልጁ ቢያስተላልፍ ያዋጣዋል። ማስተላለፉ ግን ከሠራዊቱ ከመውጣት በፊት የሚደረግ ነው፤ ስድስት ዓመት ያገለገለና ለተጨማሪ አራት ዓመት የሚፈርም ሰው ብቻ ያገኘዋል። ከወጡ በኋላ ማመልከት አይቻልም።

ከኢትዮጵያ መጥተው ሠራዊቱን የተቀላቀሉ ልጆች በእነዚህ ሕጎች ፊት ከሌላው ወታደር አይለዩም። ግሪን ካርድ ይዞ የተመለመለ ወታደር በአገልግሎቱ ዜግነት በቶሎ የማግኘት መንገድ አለው። ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቆይቶ በ2016 ምልመላው የቆመው ልዩ ፕሮግራም ደግሞ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሳይቀር ለቋንቋቸው ሲል ይመለምል ነበር፤ አማርኛም በተፈላጊ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ነበረ። በዚያ መንገድ የገቡ ወንድሞችና እኅቶች አንዳንዶቹ አሁን ተሰናብተው ኮሌጅ የሚያፈላልጉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። በ2017 የወጣው ማሻሻያ ከጥር 1 ቀን 2013 ወዲህ ለተሰናበቱት የጂ አይ ቢልን የአሥራ አምስት ዓመት ጊዜ ገደብ ስላነሣ፣ ጊዜው አልፎብኛል ብሎ ተስፋ የቆረጠ ካለ አላለፈበትም።

ሊመዘገቡ ሲሄዱ በየኮሌጁ የቀድሞ ወታደሮችን ጥቅም የሚያረጋግጥ ሠራተኛ አለ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው እንጂ የመግቢያ ቢሮው አይደለም። ቅናሹ የነዋሪ ዋጋ ነው ወይስ ስረዛ፣ ልዩ ልዩ ክፍያን ይጨምራል ወይ፣ ስንት ክሬዲት ድረስ ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ይሠራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ይቀበሉ። ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ሰነድ ሲይዙም «ሜምበር 4» የሚለው ቅጂ መሆኑን ያረጋግጡ። አጭሩ ቅጂ የስንብቱን ዓይነት አያሳይም፤ ኮሌጁም ክፍለ ግዛቱም የሚፈልጉት ደግሞ በትክክል ያንን መስመር ነው።